ያየ ሰው የለም

«እናትሽ እዚያው ፖሊስ ጣቢያ ነበረች» አለች ሣራ። «እህቴን እየገፈተሩ ሲያስገቧት ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።»

የዕረፍት ሰዓት ነው፤ ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ የቆሙት ልጆች ሁሉ ወደ መቅዲ ዞረዋል። ሶዶ ከተማ ከትናንት ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም። የሣራ ታላቅ እህት ኢየሩሳሌም መናኸሪያው አጠገብ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ ትሸጣለች። ፖሊሶች የመንገድ ዳር ነጋዴዎችን ሊያስነሱ መጡ። ወንዶቹን «ዞር በሉ» ብለው አለፏቸው። ኮንስታብል ጥጋቡ እሷ ጋ ሲደርስ ግን ሳፋዋን በእግሩ ገለበጠው። «ምን አጠፋሁ?» ብትለው በጥፊ መታት፤ በሻሿ ይዞም እስከ መኪናው ጎተታት።

«ቢላዋ መዘዘችብኝ ብሏል አሉ» አለ የክፍላቸው ልጅ ታምራት። «ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። ፖሊስ እንደሆነ ሁሉም ያው ነው።» ይህን ሲል መቅዲን ሰረቅ አድርጎ አያት።

መቅዲ አንገቷን ደፋች። ያልነገረቻቸው ነገር አለ። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው፣ ከቆመ ሚኒባስ ጎን ነበረች። ቢላዋው ሳፋው ውስጥ ከቦዬው ልጣጭ ጋር ተቀምጦ አይታለች። ሳፋው ሲገለበጥም አብሮ መሬት ወደቀ። ኢየሩሳሌም አልነካችውም። ጥጋቡ ዞር ሲል መቅዲ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች፤ የእናቷ የሥራ ባልደረባ ነው፣ በጊፋታ በዓል ቤታቸው መጥቶ በልቷል፣ ጠጥቷል። ከዚያም በሌላ መንገድ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ቤቷ ገባች።

እናቷ ሳጅን የማርያምወርቅ አመሻሽ ላይ መጣች። የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ የሣራ እህት ምን አድርጋ ነው የታሰረችው?»

ቤት ውስጥ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው። እናቷ ስለ ሥራ ስታወራ ግን ሳታስበው ወደ አማርኛ ትዞራለች። «ፖሊስ ላይ ቢላዋ በመምዘዝ ተጠርጥራ» አለች።

«ታምኚዋለሽ?»

የማርያምወርቅ ጫማዋን መፍታት ጀመረች።

«አላምንም። ቃሏን ልቀበል ስል ጥጋቡ ምን አለ መሰለሽ? ‹ሳጅን፣ ሴትና ሴት ተያይዛችሁ ልታለቅሱ ነው? ተዪው፣ እኛ እንጨርሰዋለን።› ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ኃላፊው ዘንድ ገብቼ ልጅቷ ፊቷ አብጧል፣ ሐኪም ይያት አልኩት። ‹ባል ቢኖራት መንገድ ላይ አትውልም ነበር› አለኝ። ከቦታዬም አነሳኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ ቆሜ የሴት ቦርሳ እፈትሻለሁ።»

«ታዲያ ሥራውን ለምን አትለቂም?»

«ብለቅ ነገ እንደሷ ያለችው ስትገባ ማን ይኖራል እያልኩ ነው የቆየሁት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ትናንት ግን መኖሬ ምን ጠቀማት? ስትገባ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።»

መቅዲ የሣራ ቃል ትዝ አላት።

«ምስክር ቢገኝ ነገሩ ሌላ ነበር» አለች እናቷ። «መናኸሪያ ሙሉ ሰው ነበር። ብጠይቅ፣ ያየ ሰው የለም። ከተማው በንዴት ነዷል፤ ያየ ግን የለም።»

«እኔ አይቻለሁ።»

የማርያምወርቅ ቀና አለች። በመጀመሪያ እንደ ፖሊስ ጠየቀቻት፦ የት ቆመሽ ነበር፣ ምን ያህል ይርቃል፣ በመካከል የጋረደሽ ነገር አለ ወይ። መቅዲ አንድ በአንድ መለሰች። ጥያቄው ሲያልቅ እናቷ እንደ እናት አየቻት።

«ጥጋቡ ያውቅሻል።»

«አዎ።»

«መንገድ ላይ ያገኝሻል። እኔንም ከዚህ አንስተው አንዱ ቆላ ይወረውሩኝ ይሆናል።»

«ዝም በዪ እያልሽኝ ነው?»

«አላልኩም። ተናገሪም አላልኩሽ። እናትሽ ነኝና እፈራለሁ፤ ፖሊስ ነኝና አፍራለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይዘውኛል።» እጇን የልጇ ጉልበት ላይ አሳረፈች። «ከተናገርሽ የሚኬደው ጣቢያ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። ብቻሽን አትሄጂም። ይቅርብኝ ብትዪም ያው ልጄ ነሽ።»

በማግስቱ መቅዲ ደብተሯን ይዛ ወጣች። የትምህርት ቤቱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ግን አልታጠፈችም፤ ቁልቁል ወደነ ሣራ ቤት ወረደች። በሩን የከፈተችው ራሷ ሣራ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ደህና አደርሽም አላለቻትም።

«ቢላዋውን አልነካችውም» አለች መቅዲ። «እዚያ ነበርኩ። አይቻለሁ።»

ሣራ በሩን ገርበብ አደረገችው። «ትናንት እኔ ስናገር ቆመሽ ትሰሚኝ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ፈርቼ። አሁንም ፈርቻለሁ።»

ሣራ ከመቅዲ ኋላ ወደ መንገዱ ተመለከተች። አንዲት ሴት የዘወትር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጠጋ ለማለት እንዳልደፈረ ሰው አጥሩ ጥግ ቆማለች።

«እናትሽ ናት?»

«ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣችው። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ አብራን ትሄዳለች። እናትሽ ከፈቀዱ ደግሞ ቀድማ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ትፈልጋለች።»

ሣራ ወደ ውስጥ ዞራ በወላይትኛ እናቷን ጠራች፤ ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ትምህርትስ?» አለች።

«እናረፍዳለን» አለች መቅዲ።