ከጋቢው የተቆረጠ ክር

ታዴዎስ ከአርባ ምንጭ ምንጮች በታች ባለው ጥላማ ጅረት ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ቀኝ እጁ አንድ ጭብጥ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት ጨምድዶ ይዞ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ሞስ ይሉታል። ከጅረት ድንጋይ ላይ ለቅመው፣ ዓይነቱን ለይተው፣ በመስታወት ገንዳ አባዝተው አዲስ አበባ ይልኩታል፤ እዚያ ሳሎናቸው ውስጥ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች ለጌጥ ይገዙታል። መቼም ሰው የማይገዛው ነገር የለም።

ፖሊስ ያሰረው ታዴዎስን ወደ ጅረቶቹ የሚወስደውን መንገድ መሪ፣ ኤርጫፎን ነው። ኤርጫፎ ሲቀላ ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማው፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ይኼ ውሃ ይበላሃል» ብሎት ነበር። ያለው ለምክር ነው። የሟቹ ማጅራት ተሰንጥቆ ሲገኝ ግን ምክሩ ዛቻ ሆነበት።

የኤርጫፎ እህት ሃና መግቢያ መውጫው ጠፋት። ወላጆቻቸው ሞተዋል፤ ከዶርዜ ወርደው አርባ ምንጭ የኖሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እንቅልፍ እምቢ ሲላት ለእጮኛዋ ለሳምሶን የሠርግ ጋቢ የገዛችውን ባዘቶ አውጥታ ትፈትላለች። ኤርጫፎ ነበር የሚሸምነው። ወንድሟ ከታሰረ ወዲህ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ክሩ እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይሳሳል።

ሳምሶን ባዮሎጂ ተምሮ ሥራ ያጣ፣ ከታዴዎስ ጋር ሞስ የሚያባዛ ልጅ ነው። «ቤትሽ ተቀመጪ፤ ሕግ ያጣራዋል» ይላታል። አልሰማችውም። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ውብአየሁ ቢሮ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች።

«እሱ ከገደለ እኔም አብሬው ልታሰር፣ እትዬ።»

«ተነሺ፤ ልቅሶውን ትተሽ ይኼን እዪልኝ» አለች ውብአየሁ፣ ከሟቹ እጅ የወጣውን ሞስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ። «የጅረቱ እንዲህ ነው?»

ሃና እንባዋን ጠርጋ ጎንበስ አለች። «አይደለም። የጅረቱ አጭርና ጠቆር ያለ ነው፤ ጭቃም አያጣውም። ይኼ የገንዳ ነው።»

«ሞሱ መሃል ያለችው ይቺ የበሰበሰች ክርስ?»

«የኔ ፈትል ናት። ሞሱን ድንጋይ ላይ የሚያስሩት በሷ ነው። ሞሱ ድንጋዩን ሲይዝ ክሩ በስብሶ ይወድቃል።»

«ጅረት ውስጥ የሚያስር ሰው አለ?»

«ማን ያስራል?»

ሃና ወንድሟ ከታሰረ ወዲህ ያን ዕለት ገና ተስፋ አደረባት። ውሃ ግን እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

በማግስቱ ውብአየሁ ሁሉንም ታዴዎስ ሞስ ያባዛበት ወደነበረው ቤት ሰበሰበቻቸው። ኤርጫፎ በካቴና መጣ። ሳምሶን ከሃና ጎን ቆመ። ሞሱን ተቀብሎ የሚቸረችረው ይፍሩም ከአዲስ አበባ ተጠርቶ መጥቷል።

«ከጅረት የመጣ ሞስ ወዲያው መስታወት ውስጥ ይገባል?» ብላ ሳምሶንን ጠየቀችው።

«ኧረ በጭራሽ። ቀንድ አውጣና አልቅት ይዞ ይመጣል። በረንዳው ላይ ባለው የሲሚንቶ ገንዳ ሳምንታት ይቆያል። የታዴዎስ ሕግ ነው።»

«አቶ ይፍሩ፣ ታዴዎስ በመጨረሻ ሲደውልልዎ ምን አለ?»

«አንድ ሰው ተደብቆ ጅረቱን እየላጠው ነው፣ ሲያመጣልህ እንዳትገዛ አለኝ። የጅረቱ ሞስ በፌስታል ይላክልኝ ነበር፤ ላኪውን አላውቀውም።»

ውብአየሁ ራሷን ነቀነቀች። «ታዴዎስ የሞተው እዚሁ ነው። የሲሚንቶው ገንዳ ጠርዝ ደሙን ለማስለቀቅ በአንድ በኩል ብቻ ተፈግፍጎ ታጥቧል። ገዳዩ ሬሳውን ሌሊት ጅረት ወሰደው። ሞስ ሲለቅም አዳልጦት የወደቀ እንዲመስል ፈለገ፤ በጨለማ የጅረት ድንጋይ እንዳይደባብስ ግን ከዚህ ከመስታወቱ ገንዳ ነጭቶ ሄደና አስጨበጠው። በዚህም አንድ ድንጋይ ራቁቱን ቀረ።»

እጅጌዋን ሰብስባ ከመስታወቱ ገንዳ አንድ ድንጋይ አወጣች። ሞሱ ጠቆር ያለ ነው፤ አንዲት ቀንድ አውጣ ትሄድበታለች።

«ይኼ ሕጉን ያልጠበቀ፣ ከጅረት የመጣ ሞስ ነው። ታዴዎስ አላሰረውም። ራቁቱ ድንጋይ እንዳያሳብቅበት የፈራ ሰው ነው በኋላ ያሰረው። ክሩም ገና አልበሰበሰም። ሃና፣ ነይ እስቲ እዪው።»

ሃና ቀረበች። ክሩ እዚህ ወፍሯል፣ እዚያ ሳስቷል።

«የኔ ነው» አለች።

«መቼ የፈተልሽው?»

«ኤርጫፎ ከታሰረ ወዲህ።»

«እንግዲህ እስር ቤት ያለ ሰው ሊያስረው አይችልም። ለማን ሰጠሽው?»

ዝም ካለች ወንድሟ በካቴናው ይመለሳል። ከተናገረች ደግሞ ለሠርጓ የደገሰችው ሁሉ ያበቃል። ሳምሶን አጠገቧ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማታል። ኤርጫፎ ምንም አልጠየቃትም፤ መሬት መሬቱን ያያል፤ ያ ደግሞ ባሰባት።

«ለሳምሶን» አለች። «ለሥራ ነው ብሎኝ ለሳምሶን ሰጠሁት። ለሌላ ለማንም አልሰጠሁም።»

ሳምሶን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «ጅረቱን ስልጥ ደርሶብኝ ሊያሳስረኝ ነበር። ገፈተርኩት እንጂ ልገድለው አልነበረም። ለሠርጋችን ነው የሸጥኩት፣ ሃንዬ። ምን ላድርግ፣ ሥራ የለኝ።»

«ወንድሜ ሲታሰርስ?»

ሳምሶን እጁን ዘረጋላት፤ ሃና ወደኋላ አለች።

«ከጋቢህ ላይ ነው ቆርጬ የሰጠሁህ» አለችው።

ካቴናው ከኤርጫፎ እጅ ወጥቶ ሳምሶን እጅ ገባ። ሃና የወንድሟን ክንድ ይዛ ወጣች። ባጃጅ ውስጥ እስኪገቡ ቻለች፤ ከዚያ ግን እስከ ቤታቸው ድረስ አለቀሰች። ኤርጫፎ አቅፏት ተቀመጠ እንጂ ለማን እንደምታለቅስ አልጠየቃትም።