ከእንግዴ ልጁ በኋላ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር አቋርጬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ የምሬን ነው፣ በደርግ ጊዜ ውይይት ክበብ ውስጥ ስለ ቁስ አካል ቀዳሚነት ተከራክሬ ካድሬውን ራሱን ያሰለቸሁ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ ወድጄ እንዳይመስልህ።

የሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆኜ ለተግባር ልምምድ አንኮበር አካባቢ አንዲት ጤና ጣቢያ ተመድቤ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፣ ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል፣ ጭጋጉ በሩ ድረስ መጥቷል፣ ዘሃራ የምትባል የአልዩ አምባ ሴት ምጥ ጠንቶባት ወንድሞቿ በቃሬዛ ዳገቱን አወጧት። ተመስገን፣ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች፣ የእንግዴ ልጁም ወጣ።

እኔ ደግሞ ነገር ደጋግሞ ማጣራት ልማዴ ነው፣ የፅንስ ልብ የምናዳምጥባትን የእንጨት መለከት አንስቼ ሆዷ ላይ አስቀመጥኩና ጆሮዬን ለጠፍኩ። ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፣ ፈጣን፣ ጥርት ያለ።

"ሲስተር፣ መንታ ነው!"

"የምን መንታ?" አለች አዋላጇ ሲስተር አስካለ፣ "ማህፀኗ እኮ ተሰብስቧል፣ ዳብሰው።"

ዳበስኩት፣ ድንጋይ ሆኗል። ጓንት አጥልቄ ውስጡን ፈተሽኩ፣ ባዶ ነው። የእናትየው ምት ይሆናል ብዬ እጇን ያዝኩ፣ የእሷ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ የሆዷ ይሮጣል። ሲስተር አስካለም ጎንበስ ብላ አዳመጠች፣ ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል፣ "እኔ ምንም አልሰማሁም" ብላ ሕፃኑን ልትጠቀልል ሄደች።

ልጅ ቀርቶ ከሆነ ቤቷ ብሰዳት ትሞትብኛለች፣ ከሌለ ደግሞ ገና የወለደችን ሴት በዚያ ጭጋግ በጭነት መኪና ደብረ ብርሃን ልኬ በከንቱ ሆዷን ላስቀድድ ነው። እንደገና አዳመጥኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ የውስጡ ቀጥ ይላል፣ ሕፃኑ ዝም ሲል ይቀጥላል፣ እመነኝ።

"ሰማኸው አይደል?" አለችኝ ዘሃራ።

"ሰምቻለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ! አብዳለች ሲሉኝ ነበር እኮ።" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ይሄን ልጅ ሳላረግዝም ይመታ ነበር።"

"ደብረ ብርሃን ሄደሽ ይዩሽ፣ ካስፈለገም ከፍተው ያወጡታል" ስላት ሆዷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

"ተወው ዶክተር፣ ውጭ ብርድ ነው።"

ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ እምቢ አለች፣ ወንድሞቿም ቁልቁለቱን ይዘዋት ወረዱ፣ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነች አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስንቷን አዋልጃለሁ፣ ከተገላገለች ሴት ሆድ ላይ ግን ጆሮዬን ደግሜ አልጣልኩም፣ የምፈራው መስማቱን ይሁን አለመስማቱን እስከ ዛሬ ለይቼ አላውቅም።