ካርዱ የማያውቃቸው አራት ዲስኮች

«አሁንም የለም!» አለ ቴክኒሻኑ ስክሪኑን በጣቱ ኳ ኳ እያደረገ። «የአራቱም ዲስክ መብራት በርቷል። ዲስኮቹን የሚያስተባብረው ካርድ ግን ባዶ ናቸው ይለኛል። ዛሬ ከሱቅ የመጡ ይመስል!»

ፌንጣ በሩ ጋ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ፌንጣ ያሏት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው፤ ዛሬ ግን እግሯ ወለሉ ላይ የተሰፋ ይመስላል።

ይሄ በትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ጓዳ ያለ ሰርቨር ሥራው አንድ ነው፦ የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ መያዝ። ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች ሌሎቹ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ እያነበቡ ቀድተዋቸዋል። ፌንጣም ባዮሎጂን ከዳር እስከ ዳር አንብባለች፣ «ማይቶኮንድሪያ» ላይ ስምንት ጊዜ ተደናቅፋ።

ጥግ ላይ ጓደኛዋ ዲጄው ተቀምጧል። ማዳመጫው ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው ዲጄ የተባለው። ዓይኑ አያይም። ሰኞ ፈተና አለበት፤ የሚያጠናው ደግሞ ያለው እነዚያ ዲስኮች ላይ ነው።

«ጋሼ፣ ተስፋ አለው?» አለ።

«ምን ላድርግልህ የኔ ልጅ? ኬብሉን ቀየርኩ። ካርዱን ነቅዬ ሌላ ቦታ ሰካሁት። ከዚህ በላይ ጸሎት ነው የቀረኝ።» ቴክኒሻኑ ወደ ፌንጣ ዞረ። «ከእኔ በፊት የነካው አለ? የጓዳው ቁልፍ አንቺ ጋ አይደል የሚውለው?»

«ኧረ ማንም አልነካውም!» አፏ ቀደማት።

ጠዋት ላይ አቧራው አስጠልቷት፣ ሰርቨሩን እንኳ ሳታጠፋ፣ አራቱንም ዲስኮች መዝዛ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ በጨርቅ ወልውላ ነበር። መልሳ ሰክታ፣ አጥፍታ ስታስነሳው ካርዱ በእንግሊዝኛ ረጅም ጥያቄ ጻፈባት፤ የትኛው ዲስክ ምን እንደያዘ የሚያሳየውን የድሮ መዝገብ ልመልሰው ወይስ ላጥፋው ዓይነት። እሷ ስልኳ ላይ ዘው የሚልባትን ማስታወቂያ እንደምታባርረው ሳታነብ አባረረችው። የተጫነችው «አጥፋ» የሚለውን ነበር።

«እንግዲህ ካርዱ ራሱ ተበላሽቶ ሁሉንም በልቷቸዋል» አለ ቴክኒሻኑ። «እንደ አዲስ ላዋቅራቸውና ማሽኑ እንኳን ይሥራ።»

«መጽሐፎቹስ?»

«ሰው መዝገቡን አጥፍቶት ቢሆን ድምፁ እዚያው ስላለ አልነካቸውም ነበር። ግን ማንም አልነካውም ተባለ እኮ! አዲስ ካደረግኳቸው በኋላ ግን፣ በቃ፣ አለቀ።»

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ካርድ አፍ የለው። ቴክኒሻኑ ጣቱን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ።

«ጋሼ ተው! እንዳትጫነው! እኔ ነኝ…»

ሁሉንም ዘረገፈችው። ቴክኒሻኑ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«የትኛው ዲስክ የት ነበር?»

«አላስታውስም። ምልክት አላደረግኩም።»

«በይ እንግዲህ። ድምፁ አራቱም ላይ ተቆራርጦ በተራ ነው የተቀመጠው። አራት ዲስክ ደግሞ በሃያ አራት ዓይነት ይሰለፋል፤ ትክክለኛዋ አንዷ ናት። እሷም ብትገኝ ዋስትና አልሰጥም። ሰኞንማ እርሱት።»

ዲጄው ተነሳ።

«ዘጠና ገጽ ነበር የቀረኝ» አለ።

«ላንብብልህ? አሁኑኑ፣ የፈለግከውን ያህል…»

«በአንቺ ድምፅ? ዛሬ አልፈልግም።» ግድግዳውን እየዳበሰ ወጣ። ሁሌ ክንዷን ነበር የሚይዘው።

ፌንጣ እስከ በሩ ተከተለችውና ቆመች። ደርሳስ ምን ልትለው? ተመልሳ ወንበር ስባ ቴክኒሻኑ አጠገብ ተቀመጠች። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ገነጠለችና ከላይ እስከ ታች ሃያ አራት መስመር አሰመረች።

«የመጀመሪያውን አሰላለፍ ንገረኝ ጋሼ» አለች፣ «እየጻፍኩ ነው።»