በጊልአድ ስም

ሊያል ፈላፍል ከሚሸጥበት ምግብ ቤት ጥግ ቆማ፣ ሦስት ሰዎች ወንድሟን ሲጠብቁ ታይ ነበር። ወንድሟ እንደማይመጣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጊልአድ በዚያ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እዚያ በደቡብ፣ በረሃ ውስጥ ካለው ጦር ሰፈሩ ነበር።

የክርያት ኤሊዔዘር ስታዲየም በሮች ከተከፈቱ ቆይተዋል። አረንጓዴ ሻርፕ የጠመጠመ ሕዝብ በአጠገባቸው ይጎርፋል፤ ሦስቱ ግን ንቅንቅ አላሉም። መላጣው ይሁዳ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሊኦራ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ሃሬል በቅርቡ ከውትድርና የወጣ ወጣት ነው። ሊያል መልካቸውን ያን ቀን ገና ማየቷ ነው፤ የለየቻቸው እያንዳንዳቸው በእጃቸው በያዙት ሲዲ ነበር። የሚወዱትን አልበም ይዘው ሊገናኙ የተቀጣጠሩት በኢንተርኔት፣ በእግር ኳስ ቡድናቸው ደጋፊዎች ፎረም ላይ ነው። «እኔም እመጣለሁ» ብላ በጊልአድ ስም የጻፈችው ደግሞ እሷ ራሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው በክረምቱ እረፍት ቤተሰቡ ከቲራት ካርሜል ወደ ክርያት ሞጽኪን ሲዛወር ነው። በአዲሱ ትምህርት ቤት ሊያል በእረፍት ሰዓት ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ አጥር ተደግፋ ትቆማለች። ባትሪው ባለቀ ጊዜም አታወልቀውም፤ የሚያናግራት እንደሌለ እንዳይታወቅባት። ጊልአድ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲሄድ የዓመቱን የስታዲየም መግቢያ ካርድና የፎረሙን የይለፍ ቃል ትቶላት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሲደውል ደጋፊዎቹ ምን እንደተባባሉ ታነብለታለች።

መጀመሪያ ማንበብ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ግን ይሁዳ «ለማንም የማላውሰው አልበም» የሚል ርዕስ ከፈተ፤ ስለ በረኛና ስለ ዳኛ የሚጨቃጨቁት ሰዎች ሁሉ ስለ ሙዚቃ ማውራት ጀመሩ። ይሁዳ ልጁ በተወለደች ቀን ከሆስፒታል ሲመለስ የሰማውን የጊታር አልበም ጻፈ። ሊኦራ እናቷ ወጥ ቤት ሆነው የሚያንጎራጉሩትን አነሳች። ሊያል እጇ አላርፍ አላት። በወንድሟ ስም፣ ስለ አባቷ ካሴት ጻፈች።

አባቷ አቶ ካሳው ካሴቱን ያመጡት ከጎንደር ነው። አንድ መሲንቆ ተጫዋች የዘፈነበት ነው፤ ስሙ ከላዩ ከተፋቀ ቆይቷል። ሊያል የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ቀዳችበት። እስከ ዛሬ ድረስ ዘፋኙ ግጥሙን አጋምሶ ሊጨርስ ሲል ድምፁ ቁርጥ ይልና ጋዜጠኛው «ጎል!» ብሎ ይጮኻል። አባቷ አልተቆጧትም። እስከ ጎሉ ድረስ ያዳምጡና «እንግዲህ አግብተዋል» ብለው ያጠፉታል።

በማግስቱ አሥራ ሰባት ሰው መለሰላት። በትምህርት ቤት በሦስት ወር ያን ያህል ሰው አናግሯት አያውቅም።

አሁን ይሁዳ ሰዓቱን አየ። ሲዲውን በጃኬቱ እጅጌ ጠረግ ጠረግ አደረገው።

«ለማንም አላውስም ያልኩትን ለእሱ ላውሰው ነበር ያመጣሁት» አለ። «የአባቱን ካሴት ነገር ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።»

ሊኦራ ዞር ዞር ስትል ዓይኗ ሊያል ላይ አረፈ። ጠጋ አለቻት።

«ይቅርታ፣ ጊልአድ የሚባል ኢትዮጵያዊ ልጅ ታውቂያለሽ? እዚህ ልንገናኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል የሊያል ምላስ ላይ ደርሶ ነበር።

«አላውቀውም» አለች።

«ቤሰደር፣ ምንም አይደለም» አለች ሊኦራ ፈገግ ብላ፤ ወደ ጓደኞቿ ተመለሰች። ትንሽ ቆይተው ሦስቱም ገቡ።

ሊያል በወንድሟ ወንበር ተቀመጠች። ሦስቱ ጥቂት ረድፍ ዝቅ ብለው ነበሩ። ቡድናቸው ጎል ሲያገባ ሰው ሁሉ አጠገቡ ያለውን አቀፈ። በሊያል ግራ ያለው ወንበር ባዶ ነበር፤ በቀኟ ያሉት አባትና ልጅ እርስ በርስ ተቃቀፉ። እሷ ሻርፗን ጨብጣ ቆማ አጨበጨበች።

ሐሙስ ጊልአድ ሲደውል ሁሉንም ነገረችው። ይቆጣኛል ብላ ነበር፤ እሱ ግን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ሳቀ።

«ለምን ታካብጃለሽ? በሚቀጥለው ፈቃድ ስወጣ አብረን እንሄዳለን። ካሴቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ እላለሁ። አንቺን ደግሞ እህቴ ናት ብዬ አስተዋውቅሻለሁ። ቤሰደር?»

ሊያል ነገሩ ታያት። ይሁዳ ሲዲውን ለጊልአድ ሲሰጠው፣ ሊኦራ ስለ አባታቸው ስትጠይቀው፣ እሷ ከጎኑ ቆማ የእሱን ፈላፍል ስትይዝለት። አጥር ተደግፎ ከመቆም ይሻላል። ግን ደግሞ ከዚያ ብዙም አይለይም።

«አይ» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ይቆጡሻል እኮ።»

«ሊቆጡ ይችላሉ።»

ስልኩን ዘግታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ከወንድሟ ስም ወጣችና በራሷ ስም ተመዘገበች። ፎረሙ ከስሟ አጠገብ የጻፈችው መልእክት ብዛት ዜሮ መሆኑን አሳየ። የይሁዳን ርዕስ ስትከፍት መጨረሻ ላይ ጠዋት የጻፈውን አገኘች፦ «ጊልአድ፣ ጠበቅንህ። ደህና ነህ?»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጊልአድ ወንድሜ ነው፤ ውትድርና ላይ ነው፣ ደህና ነው። የካሴቱን ታሪክ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ለሊኦራ አላውቀውም ያልኳትም እኔው ነኝ። ይቅርታ።»

ጥቂት አሰበችና ዕድሜዋን ጨመረችበት፤ አሥራ አራት። ከዚያ ላከችው።