የገመዱ ጫፍ

ሙነወር ጎህ ሲቀድ ከሐይቅ ከተማ ሲወጣ፣ ፔርሙስ ደረቱ ላይ አጥብቆ አስሮ ነበር። ፔርሙሱ ውስጥ አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን አለ። አምባሰል ገደል ሥር የምትኖረው እህቱ ኢንሳፍ መድኃኒቷ ካለቀባት ሁለት ቀን ሆኗታል። አስፋልቱን ጦርነቱ ዘግቶታል። ማሌዢያ ሰባት ዓመት የተማረው ምህንድስና ከእግር ጉዞ አላዳነውም።

የልጅነት ጓደኛው ሐቢብ በቅሎውን እየጎተተ መጣ። «ብቻህን ልሰድህ ወንድሜ? ወላሂ አይሆንም!»

መንገድ የምትመራቸው በርበሬ ነጋዴዋ ሀውራ ናት። ምላሷ እንደ በርበሬዋ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጫማ ለአስፋልት የተሰፋ ነው» አለችው። ሙነወር አልወደዳትም።

ቀትር ላይ በረዶ ወረደባቸው። ወንዙ ደፍርሶ ሞላ፤ የበቅሎዋን ጭራ ጨብጠው ተሻገሩ። አቀበቱን ሲጀምሩ ዝንጀሮዎች ከላይ ድንጋይ አንከባለሉባቸው። በቅሎዋ በረገገች፤ ከነስንቃቸው ገደል ገባች።

«ይህን መንገድ የመረጥሽው አንቺ ነሽ!» ሲል ሙነወር ሀውራ ላይ ጮኸ። እሷ ፊቷን ወደ አቀበቱ አዙራ መምራቷን ቀጠለች። ሐቢብ በቅሎው የገባችበትን ገደል ዞሮ እያየ ተከተላቸው።

ወደ መንደሩ የሚያወርደውን መንገድ ናዳ ቆርጦት አገኙት። በዙሪያ መሄድ አንድ ቀን ይፈጃል፤ ኢንሳፍ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ የላትም። ሀውራ ትከሻዋ ላይ የጠመጠመችውን ረጅም የመጫኛ ገመድ አወረደች።

የአምባሰል ማር ቆራጮች ደንብ አላቸው፤ ሰው ገደል የሚያወርድ የገመዱን ጫፍ በራሱ ወገብ ያስራል።

«እኔ ልያዝህ» አለች። «ባሌን ስንት ዓመት ያወረድኩት እኔ ነኝ።»

«ሐቢብ ይያዘኝ።»

«የወደድኸው ሁሉ ገመድ አይዝም።»

«ሐቢብ ይያዘኝ አልኩሽ!»

ሙነወር ታስሮ ሲወርድ ሐቢብ ገመዱን በእጁ ብቻ ያዘ፤ ሌላው ጫፍ ከኋላው ሀውራ ዘንድ ቀረ። ግማሽ እንደወረደ ከላይ እንግዳ ድምፅ ሰማ። መሣሪያ ሲቀባበል ሰማ።

«ታች ያለው ማነው?»

«አላውቀውም!» አለ ሐቢብ። «ከውጭ አገር የመጣ ነው። ብር የያዘው እሱ ነው፤ እኔን ተዉኝ!»

ገመዱ ላላ። ሙነወር ቁልቁል ተምዘገዘገ፤ ትከሻው ከአለት ተላተመ፤ ፔርሙሱን በሁለት እጁ አቀፈ። ከዚያ ገመዱ ድንገት ተወጥሮ ቆመ።

«ፍቺው፣ ሴትዮ!» አለ ታጣቂው።

«አልፈታም!» የሀውራ ድምፅ ነበር። «ወገቤ ላይ ነው። ከገፋችሁኝ ሁለታችንም እንወርዳለን። የያዘው የበሽተኛ መድኃኒት ነው፤ አላህን ፍሩ!»

«ተዋት!» አለ ከላይ ሌላ ድምፅ። ከዚያ ገመዱ ክንድ በክንድ መውረድ ጀመረ። እግሩ መሬት ሲነካ ወደ ላይ አላየም፤ ሮጠ።

ኢንሳፍ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ሳለ ደረሰላት፤ መድኃኒቱን ወጋት። ንጋት ላይ ዓይኗን ገለጠች። «ሐቢብስ?» አለች።

«መንገድ ቀረ።»

በማግስቱ ሀውራ በዙሪያ መጣች፤ መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። በሦስተኛው ቀን ሐቢብ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ እያለቀሰ ብቅ አለ።

«ወንድሜን! እጄ እስኪላጥ ይዤው ነበር! ወይኔ ሙነወር!»

ሙነወር በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው። የጓደኛውን ሁለት እጆች ይዞ መዳፋቸውን ገለበጠ። ጭረት እንኳ የለባቸውም።

«አልቅስ» አለው። «ጓደኛህስ ሞቷል።»

በሩን ዘግቶ ከገበታው አጠገብ ተቀመጠ። ሀውራ በተጠቀለለው መዳፏ መቁረስ አልቻለችም። ጠቅልሎ አጎረሳት።

«ውጭ አገር ጉርሻ የሚባለው ይሄ ነው?» አለች እያላመጠች። «ለድመት አደረግከው!»

«እትዬ ሀውራ፣ አፍሽን ክፈቺ» አላት፤ ሁለተኛውን ጉርሻ በእጥፍ አሳድጎ።