የኔድ ሃዝልዲን ጉልበት

የሆልምሮይድ ታውን ክለብ አሠልጣኝ ኔድ ሃዝልዲን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በገዛ ወንበሩ እንደ ተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ፣ አንድ የዊስኪ ጠርሙስና ማንም ያልነካቸው ሁለት ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ ነበሩ። ጉልበቱ ላይ ካፖርቱ ተደርቦለታል። ገዳይ የገደለውን ሰው ብርድ እንዳይመታው ሲጨነቅ አይታይም፤ ክፍሉን ከሞሉት ፖሊሶች መካከል ይህን ያሰበው ግን ኢንስፔክተር አርኖልድ ቴትሎ ብቻ ነበር።

ቴትሎ ኳስ አይወድም። በከሰልና በጥጥ በምትኖር ከተማ ይህ ሃይማኖት እንደ መካድ ይቆጠራል፤ እሱ ግን አይደብቀውም። ቅዳሜ ከሰዓት ከተማው በሙሉ አንዲት የተነፋች ቆዳ ተከትሎ ሲጮህ፣ እሱ ጓሮው ገብቶ ጽጌረዳውን ይገርዛል። ቢሆንም ኔድ ሃዝልዲንን የማያውቅ የለም። ከማዕድን ጉድጓድ ወጥቶ መሀል ተከላካይ የሆነ፣ በአምበልነት ዋንጫ ያነሣ፣ ጫማውን ሲሰቅል እዚያው ክለብ አሠልጣኝ ሆኖ የቀረ ሰው ነው። ፎቶግራፉ በየመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፤ ዋንጫው በእጁ፣ ጉልበቱ በፋሻ ተጠቅልሎ።

በኳሱ ዓለም አንድ የማይሻር ደንብ አለ። ጨዋታው ሲያልቅ እንግዳው አሠልጣኝ ባለሜዳው ክፍል ገብቶ ይጠጣል። ሜዳ ዳር ቆመው እናት አባት ቢሰዳደቡም ይገባል፤ ያልገባ ሰው ስሙ ከክለብ ክለብ ሲዞር ይኖራል። የዚያን ቀን እንግዳ ሌስሊ ጋርሳይድ ነበር፤ ዱሮ ከኔድ ጎን ለጎን የተከላከለ፣ አሁን በተቃራኒ ወገን የሚያሠለጥን። ከሰዓት በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት ተጣልተው አንገት ላንገት ሊተናነቁ ሲሉ ሕዝብ አይቷል። ኔድን የገደለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ሆኖ ሲገኝ፣ ያው መድኃኒት በጋርሳይድ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ለወገቡ ነው አለ። ማን ይስማው? እሑድ ጠዋት እስር ቤት ነበር፤ የቴትሎ አለቃም ሰኞ ማታ ሳይደርስ ክሱ ይጻፍ ብሎ አዟል። ከተፈረደበት ከእስር የሚወጣው በሬሳ ሣጥን ነው።

«ተሰዳድበናል» አለ ጋርሳይድ እስር ክፍሉ ውስጥ። «ታዲያ ምን ይጠበስ? ከኔድ ጋር ካልተሰዳደብኩ ቅዳሜ ቅዳሜ አይመስለኝም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጠጣን። እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከቁም ሣጥኑ ቀዳ። ስደግም ደገመ፣ ስሠልስ ሠለሰ። በመሀል ወጌሻው ዋልት ፓይ አምጥቶልን ሄደ። ኋላ ኔድ ደከመኝ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ፤ ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጌለት ወጣሁ።»

«ለምን ጉልበቱ ላይ? ሰው ሲተኛ ደረቱን ነው የሚያለብሱት።»

ጋርሳይድ መሬት መሬቱን አየ። «በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ ጌታዬ።»

ቴትሎ አልተጫነውም። ወደ ክለቡ ሄደ።

ሊቀ መንበሩ ሆራስ ብራምሊ ሹራብ ፋብሪካ ያለው፣ ክለቡንም እንደ ፋብሪካው የሚያይ ሰው ነበር። ኔድን ቆሞ አመሰገነው፤ ወንድ ነበር፣ ዊስኪውን ሳይበርዝ የሚጠጣ ወንድ ነበር አለ። ቀጥሎም ጋርሳይድ ቶሎ ይከሰስና ነገሩ ይለቅ፣ ለቅዳሜ ጨዋታ አለብን አለ። የክለቡ ሐኪም ዶክተር ስታንዲሽ ደግሞ ገና ወንበር ሳይስብ «ጉልበቱ የወጣት ፈረስ ጉልበት ነበር» ሲል ጀመረ።

«ስለ ጉልበቱ መቼ ጠየቅሁዎት?» አለ ቴትሎ።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ መወልወል ያዘ።

የመጨረሻው ወጌሻው ዋልት ፒክልስ ነበር። ባልዲውንና ስፖንጁን ይዞ ወደ ወደቀ ተጫዋች ሲሮጥ ያረጀ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ «አባባ ዋልት» የሚሉት ሽማግሌ ነው። ዐይኑ አብጦ ነበር። ፓዩን እሱ አላመጣም አለ። በበሩ ሲያልፍ ጋርሳይድ ብቻውን ከብርጭቆዎቹ ጋር ተቀምጦ አየው፤ ኔድ ለእንግዳው ፓይ ሊያመጣ ከተመልካች ሰገነቱ ሥር ወዳለው ወጥ ቤት ወርዶ ነበር።

«ራሱ ወረደ?»

«ራሱ። ኔድ እንግዳ ሲመጣ ሌላ ሰው አያዝም።»

ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል። የቴትሎ አለቃ ውሸታሙ እስረኛው ነው ብሎ አምኗል፤ እስረኛ ሲሆን ማን እውነት ይናገራል? ቴትሎን እንዲህ ያለ አስተሳሰብ ያንገበግበዋል። ወደ ወጥ ቤቱ የሚወስደውን ደረጃ ሊያይ ሄደ። ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ ነው፤ ጤነኛ ሰው እንኳ መደገፊያውን ይዞ ይወርደዋል።

ከዚያ የኔድን ሚስት ማርጀሪን ሊያጽናና ሄደ። ከፊተኛው ክፍል አስገባችው። ይህ ክፍል በከተማው ቤቶች ሁሉ ለቄስ፣ ለእንግዳና ለሬሳ ተጠብቆ የሚኖር ነው። እዚህ ግን መስኮቱ ሥር የተነጠፈ አልጋ ነበር። ትራሱ ሁለት ነው።

ሻይ ቀዳችለት፤ ወተቱ በዝቶ ቀለሙ ጠፍቷል። ቴትሎ ዐይኑን ከአልጋው ሳይነቅል ኔድ ከጨዋታ በኋላ ምን ያህል ይጠጣ እንደ ነበር ጠየቃት።

«ኔድ?» አለች። «ኔድ መጠጥ ከተወ ስንት ዘመኑ። አባቱን የገደለው መጠጥ ነው፤ መቃብሩ ላይ ቆሞ ማለ።»

«ጋርሳይድ ግን እኩል እኩል ጠጣን ይላል።»

«ብርጭቆ አንሥቷል፣ ጠጥቷል። እንግዳ ብቻውን ሲጠጣ ያፍራል። ኔድ ሰው ማሳፈር አያውቅም።» ቴትሎ ወደ አልጋው ጠቆመ። ማርጀሪ የአልጋውን ልብስ አስተካከለች። ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል አለች፤ ማታ ማታ ፋሻውን ስትፈታለት ጥርሱን ነክሶ ያለቅሳል። ጠዋት ዋልት መጥቶ መልሶ ጠፍሮ ያስርለታል፣ ሰው ፊት ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ያነከሰ ተጫዋች ቦታውን ያጣል፤ ያነከሰ አሠልጣኝም እንዲሁ። ይህን የምታውቀው እሷ፣ ዋልትና ሐኪሙ ናቸው፤ ጋርሳይድ ሳይነግሩት ገብቶታል።

«ምን አገኘው ጉልበቱን?»

«መርፌ» አለች። «ሕመሙን ያደነዝዙትና ያሰልፉታል። ዋንጫውን ያነሣው ለት እግሩ ይኑር አይኑር አያውቅም ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያንን ወጣት አጥቂ ሊወጉት ሲሉ ኔድ በር ላይ ቆመ። ሰኞ ለጋዜጣ ሁሉን እናገራለሁ አላቸው። ለሦስቱም ነው የነገራቸው፤ ለብራምሊ፣ ለስታንዲሽ፣ ለዋልት።» እጇን ጨበጠች። «ሰኞ ሳይደርስ ሞተ። እንግዲህ ማን ይናገርለታል?»

ሰኞ ጠዋት ቴትሎ ወደ ክለቡ ተመልሶ የመድኃኒቱን ቁም ሣጥን አስከፈተ። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በኔድ ክፍል ሰበሰባቸው። ብራምሊ ሲጋራውን ይዞ፣ ሐኪሙ አጠገቡ፣ ዋልት በሩ ሥር፣ ማርጀሪ ጥቁር ለብሳ፣ ጋርሳይድ በካቴና። ቴትሎ ሁለቱን ብርጭቆዎች ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

የኔድ ብርጭቆ ውስጥ ዊስኪ ተገኝቷል፣ በደሙ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ አልኮል የለም አለ። ዊስኪው ሰውየው ከሞተ በኋላ የተቀዳ ነው ማለት ነው። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው፤ ጋርሳይድ ከሱ ጠጥቶ በሕይወት አለ። ታዲያ ኔድ እንግዳው ፊት ደጋግሞ የጠጣው ቡናማ ነገር ምን ነበር? ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳያቸው። ታችኛው ጥግ ላይ ስስ ቡናማ ቀለበት ዞሮበታል።

«ዊስኪ እንዲህ አያቆሽሽም። እያንዳንዳችሁ ቤት ያለ ሲኒ ግን ይህ ቀለበት አለው። ሻይ ነው፤ ያለ ወተት የቀዘቀዘ ሻይ። በዚህ አገር ሻይ ያለ ወተት የሚጠጣ ጤነኛ ሰው ስለሌለ ማንም አልጠረጠረም። ኔድ ሁለት ጠርሙስ ነበረው፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለራሱ። መድኃኒቱ የገባው እሱ ጠርሙስ ውስጥ ነው። ጋርሳይድ ሻዩን ቢያውቅ ኖሮ ኔድ ከሌላ ጠርሙስ ጠጣ ብሎ ራሱን ያድን ነበር እንጂ እኩል ጠጣን ብሎ በራሱ ላይ ባልመሰከረ።»

«እንግዲያ ማን ነው?» አለ ብራምሊ።

«ሻዩን የሚያመጣው ሰው። ሻይ የሚፈላው ሰገነቱ ሥር ነው፤ ኔድ ደግሞ ያንን ደረጃ መውረድ አይችልም ነበር። አልጋውን እንኳ ወደ ምድር ቤት አውርዷል።» ወደ በሩ ዞረ። «ሚስተር ፒክልስ፣ ያንን ጉልበት ጠዋት ጠዋት ይጠፍሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ፓይ ሊያመጣ ወረደ ያሉኝም እርስዎ ነዎት። መውረድ እንደማይችል ከሚስቱ በቀር እንደርስዎ የሚያውቅ የለም። ሕመም በክለብ ውስጥ አይወራምና፣ ማንም አይነግረኝም ብለው ተማመኑ።»

ከኮቱ አንድ ጠርሙስ አወጣ። በላዩ የማሻሻ ቅባት ስም ተለጥፎበታል።

«ከመድኃኒት ቁም ሣጥንዎ ነው። ታጥቧል። ቀለበቱ ግን በውኃ አይለቅም።»

ዋልት ባልዲውን የሚፈልግ ይመስል ዙሪያውን አየ፤ ከዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ሕመም የሌለውን ነው የመረጥኩለት» አለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ኔድን እንዳያመው ነው ያደረግኩት።»

«ለምን ዋልት?» አለች ማርጀሪ።

«መርፌውን የያዘ የኔ እጅ ነዋ። ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የኔ ስም ነው። ውጋ የሚለኝ እዚያ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል፤ መድኃኒቱን የሚያዝዝልኝ አጠገቡ ነው። ልጆቹ አባባ ዋልት ይሉኛል። ሰኞ ሲነጋ ምን ሊሉኝ ነበር?»

«እኔስ?» አለ ጋርሳይድ ካቴናውን አንሥቶ። «እኔንም ስንት ዘመን ወግተኸኛል። ጭራሽ ልታስቀፈድደኝ?»

«ሻዩ ወደኔ እንዳይመራ፣ አንተ ከወጣህ ወዲያ ተመልሼ ነው ዊስኪ የቀዳሁበት። ኪስህ ውስጥ ያ መድኃኒት መኖሩን አላውቅም ነበር፣ ሌስ። ሲገኝብህ ግን ዋሸሁብህ።»

ቴትሎ ካቴናውን ከጋርሳይድ እጅ ፈትቶ ለዋልት አሠረ። ሥራው አለቀ፤ ንዴቱ ግን አላለቀም። ሻይ ውስጥ መድኃኒት ለሚጨምር ሰው ሕጉ አንቀጽ አለው። ሰውን እንደ ጋሪ ፈረስ እያደነዘዘ ሲያስሮጥ ኖሮ፣ እግሩ ሲያልቅ ፎቶግራፉን ግድግዳ ላይ ለሚሰቅል ግን አንቀጽ የለውም። ስታንዲሽ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ብራምሊ ጉሮሮውን ጠራርጎ እጅግ አሳዛኝ ነው አለ፤ ቅዳሜ የአንድ ደቂቃ ዝምታ ይደረጋል፣ የኔድን የድሮ ጓዶች በሙሉ እጠራለሁ፣ መሀል ሜዳ ይቆማሉ።

«ሁሉንም ይጥሩ» አለች ማርጀሪ። «አንድም እንዳይቀር።»

ቅዳሜ ቴትሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ገባ። ተጫዋቾቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አሥረው ቆመዋል። ብራምሊ ባርኔጣውን አውልቆ ከፊት ሄደ፤ የድሮዎቹ ከኋላው በመውጫው አፍ ላይ ተሰልፈው ነበር። ቀጥ ብሎ እስከ መሀል ሜዳ መራመድ ያውቁበታል፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት እሱን ነው። ማርጀሪ ከጋርሳይድ ጎን ቆማ አንድ ነገር በጆሮው ነገረችው።

ጋርሳይድ ሣሩን ሲረግጥ ቀጥ አድርጎ የያዘውን ወገቡን ለቀቀው። እግሩን እየጎተተ፣ ሳይደብቅ፣ ሰው እያየው አነከሰ። ቀጥሎ ያለው የድሮ በረኛ ጥቂት አመነታ፤ ከዚያ እሱም የታመመ እግሩን ለቀቀ። ከኋላው ሌላው፣ ከሱም ኋላ ሌላው፤ ዋንጫ ያነሡት ሰዎች ተራ በተራ እያነከሱ ገቡ። ሰገነቱ ላይ አንድ ሰው ሊያጨበጭብ ጀምሮ እጁ አየር ላይ ቀረ። ጋዜጠኞቹ ካሜራቸውን ሲያነሡ ዳኛው ፊሽካውን ገና አልነፋም ነበር፤ ሜዳው ግን ጸጥ ብሏል።

ከሁሉም ፊት፣ ባርኔጣው በእጁ፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ያን ቀን ሕዝቡ ሁሉ አየው።