የሦስተኛው ፎቅ ድስት

መብራቱ ድርግም ሲል ሊንፋን የመጀመሪያውን ጉርሻ ገና ወደ አፏ እያቀረበች ነበር።

«ወይኔ! ጉዳችን ፈላ!» አለች ሺዌን በጨለማው ውስጥ።

የፈላው ጉዱ ብቻ አልነበረም። ወለሉ ላይ ባስቀመጡት የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ኑድሉ ከነቅመሙ አሁንም ይንተከተካል። ከወዲያኛው ክፍል አንዷ «ጽሑፌ! ሳላስቀምጠው!» ብላ ጮኸች። ሌላዋ ፀጉሯ በሻምፖ አረፋ እንደተሞላ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ትራገማለች። የሦስተኛው ፎቅ መብራት በሙሉ ጠፍቷል።

ወንዙ እንኳ ሰው እንዳይቀሰቅስ ብሎ በቀስታ በሚያልፍባት በዚያች ትንሽ ከተማ፣ የእሑድ አመሻሽ ትልቅ ወሬ ይህን ያህል ነው። ኃይል እየሳበ መብራት ስለሚያጠፋ የኤሌክትሪክ ድስት ዶርም ማስገባት ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ድስት የሌለው ዶርምም የለም።

ከታች የቁልፍ ጋጋታ ተሰማ።

«እትዬ ቁልፌ መጣች!» አለች ሺዌን።

«ድስቱን ደብቁት!» አለች ጂያሄ። የክፍሉ ልጆች የሚጠራሩት በዕድሜ ተራ ነው፤ ጂያሄ «ትልቋ» ናት፣ ሺዌንን የምትበልጣት ወር በማይሞላ ጊዜ ቢሆንም። ሊንፋን ደግሞ «ትንሿ»። ትንሿ ድስቱን ብድግ አድርጋ በብርድ ልብሷ ጠቀለለችውና አልጋዋ ላይ አስተኛችው።

እትዬ ቁልፌ የሚሏት የሕንፃው ተቆጣጣሪ ባትሪዋን እያበራች ገባች።

«ደህና አመሻችሁ፣ ልጆቼ። ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ቅባት ነው፣ እትዬ። የጉንፋን» አለች ሺዌን።

«የጉንፋን ቅባት ነጭ ሽንኩርት ይገባበታል?» የባትሪው ብርሃን ግድግዳውን ዞሮ አልጋው ላይ ቆመ። ከብርድ ልብሱ መሐል እንፋሎት ይወጣል። «ይሄ ምስኪን ብርድ ልብስ ደግሞ ትኩሳት ይዞታል መሰለኝ። ክሊኒክ እንውሰደው እንዴ?»

ሺዌን ሳቋን ለማፈን ትራስ ነከሰች። ሴትዮዋም ፈገግ እንዳለች ብርድ ልብሱን ገለጠች። ብርሃኑ በቀይ ክር በተጠመጠመው የድስቱ እጀታ ላይ ሲያርፍ ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

ድስቱ ከሊንፋን አያት ቤት የመጣ ነው። እጀታው በተሰነጠቀ ጊዜ ያን ቀይ ክር የጠመጠመችው የአያቷ የመጨረሻ ልጅ፣ ይህችው ባለቁልፍ ሴት ናት። የሊንፋን እናት ታናሽ እህት! ግቢው ውስጥ ይህን የሚያውቅ የለም። አንዲት ተቆጣጣሪ ዘመዷ በምትኖርበት ሕንፃ እንድትሠራ ስለማይፈቀድ፣ ገና ትምህርት ሳይጀመር አክስቷ ሊንፋንን በር ላይ ይዛ፣ «እዚህ ግቢ ውስጥ አታውቂኝም፣ እኔም አላውቅሽም። እንዲያ ከሆነ አጠገብሽ እሆናለሁ» ብላት ነበር።

«የማን ነው?» አለች ሴትዮዋ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል።

ሊንፋን አፏን ከፈተች። የኔ ነው ካለች ከየት መጣ ይባላል፤ ከዚያ የአክስቷ ነገር ይመዘዛል።

«የኔ ነው» አለች ጂያሄ።

«ያንቺ?»

«ትልቋ እኔ ነኝ አይደል? የኔ ነው።»

ሴትዮዋ ሊንፋንን አንድ አፍታ አየቻት። ከዚያ ድስቱን አነሳች። «ጠዋት ለኃላፊው አሳውቃለሁ» ብላ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ ሺዌን ፈነዳች። «አንቺ ልጅ አብደሻል? ስምሽ በግቢው ድምፅ ማጉያ ተነበበ ማለት እኮ ቼንግዱ ቀረ ማለት ነው!»

ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ትልቁ ከተማ ቼንግዱ ሄዳ እንድትማር ከትምህርት ክፍሉ የተመረጠችው ጂያሄ ብቻ ነበረች።

«ቼንግዱ የትም አይሄድ፣ እዚያው ነው» አለች ጂያሄ። ወደ አልጋዋ ወጣች። «ደግሞስ ትልቅነት ለመጠሪያ ብቻ ነው እንዴ? ተዉኝ በቃ፣ ልተኛበት።»

በጨለማው ውስጥ ከጂያሄ ትራስ በኩል ቀጭን ድምፅ ተሰማ፤ ፕላስተር ከግድግዳ ቀስ ብሎ ሲላቀቅ። አንዱ ጥግ፣ ከዚያ ሌላው። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ የተለጠፈው የቼንግዱ ካርታ እየወረደ ነው።

ሊንፋን ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ ወጣች።

ታች በተቆጣጣሪዋ መስኮት ፊት ባለሻምፖዋ ልጅ ቆማ ትነተርካለች። «እትዬ፣ ኧረ መብራቱን ያብሩልን! ጭንቅላቴ በረዶ ሆነ እኮ!» ድስቱ ከመስኮቱ ወዲያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ድስቱ የኔ ነው» አለች ሊንፋን።

«የድስቱ ባለቤት ተናግራለች። ጓደኛዬን ላድን ብለሽ አትዋሺ፣ ተማሪ። ሂጂ ወደ ክፍልሽ።» አፏ እንዲህ ይቆጣል፤ ዓይኗ ግን ይለምናል።

«እሷ እኮ ዋሽታ ነው፣ እትዬ።»

«ሂጂ ብያለሁ!»

ሊንፋን ወደ ደረጃው ዞረች። አንድ እግሯን አንስታ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ የመስኮቱን ጠርዝ በሁለት እጇ ያዘች።

«አክስቴ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ክሩን የጠመጠምሽው አንቺ ነሽ።»

ባለሻምፖዋ ንትርኳን አቆመች። አረፋው በጆሮዋ ሥር ሲወርድ እንኳ አልጠረገችውም።

ሴትዮዋ እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ክሩን ዳሰሰች። ከዚያ ቁልፎቿን አንስታ በሩን ከውስጥ ከፈተች።

«ግቢ» አለች። «በሩን አትዝጊው፤ ያወቀ ይወቅ።»